ምንም ያልበቀለባቸው ሳህኖች

ባለፈው ማክሰኞ ከልደታ ወደ ስታዲየም በባቡር ስሄድ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ባቡሩን ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሰው በሰው ላይ ነው። ለእኔ ሽበቴን አይቶ አንድ ጎልማሳ ተነሣልኝ፤ ለእሷ ደግሞ እቅፏ ውስጥ የነበረው ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ቦታ አስለቀቀላት። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ነው የያዘችው። ሰው በነካው ቁጥር ወደ ደረቷ ትስበዋለች።

«ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምትሳሺለት፣ ልጄ?» አልኳት።

«ወተት ነው ማዘር። የሚጠጣ ግን አይደለም፤ ለላብራቶሪ ነው። የላሞች ጡት ውስጥ የሚደበቅ ባክቴሪያ አለ፤ እሱን ነው የማጠናው። ስታፊሎኮከስ ይባላል።» ቃሉን ለእኔ ብላ ቀስ አድርጋ፣ ቆራርጣ ነገረችኝ።

«የመጀመሪያውን ወተት መሬት ላይ አፈሰስሽው?»

ዞር ብላ አየችኝ። «አፍስሻለሁ።»

«የጡቱን ጫፍ በአልኮል ጠረግሽ?»

«ጠርጌያለሁ።»

«ያለብሽውስ ራስሽ ነሽ?»

«ራሴ ነኝ። ማዘር፣ እርስዎ ደግሞ ከየት የመጡ ተቆጣጣሪ ነዎት?» ብላ ሳቀች። ፊት ለፊታችን የቆሙት ሰዎችም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሜክሲኮ ላይ ሣጥኗን አቅፋ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች ወረደች። ስታዲየም መውረድ ነበረብኝ። ወደ ራሴ ስመለስ መገናኛ ደርሻለሁ።

ያ ስታፊሎኮከስ የሚለው ቃል ነው መንገዴን ያሳተኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ የማውቃቸው በልጆቻቸው፣ በዕድራቸውና በውሃ መጥፋቱ ነው፤ እነሱም እኔን የሚያውቁኝ ቁርአኔን ይዤ በረንዳ ላይ የምቀመጥ የአራተኛ ፎቅ ሴትዮ አድርገው ነው። በወጣትነቴ ጎሕ ሲቀድ ከላም ሆድ ሥር ቁጢጥ ብዬ ወተት እቀበል እንደነበር ብነግራቸው ማን ያምነኛል? እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ የሐይቅ ዳር ልጅ። ልደታ ስገባ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ሒና ሆነ፤ አሁን ሒናውንም ትቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬበት «አገሬ ሩቅ ነው» ስል ልጆቼ ይቆጡኛል። «እማዬ፣ ደሴ እኮ የአንድ ቀን መንገድ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እናቴን ሳልቀብር፣ አፈር ከለበሰች በኋላ የደረስኩት በዚያው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሩቅ የሚባለው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም።

ያን ጊዜ ልደታ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ አጥሩ የተቀጠቀጠ በርሜል ነበር። አሁን ፍርድ ቤቱ፣ የጠበቃው ቢሮና ፎቶ ኮፒ ቤቱ በተደረደሩበት አካባቢ ጠዋት ጠዋት በየጓሮው ላም ይጮኻል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ሴቶች የወተት ጣሳ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ሊትሩ አንድ ብር ከስሙኒ ነው፤ የክርስቲያኖቹ ጾም ሲገባ ደግሞ ወደ ብር ከዐሥር ሳንቲም ይወርድና ለእኛ ለሙስሊሞቹ ሠርግና ምላሽ ይሆናል። አውቶብስ በዐሥራ አምስት ሳንቲም ከሜክሲኮ መርካቶ ያደርሳል። ልጃገረዶች ጉልበት የሚሸፍን እጥፍጥፍ ያለ ፕሊሴ ጉርድ፣ ከላዩ እጅ ሥራ ሹራብ፣ ከእግር ነጭ ሸራ ጫማ እናደርጋለን፤ ሸራዋን ቅዳሜ ቅዳሜ በጠመኔ እንቀባታለን። ሜክሲኮ አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ያገር ቤት ዘፈን ይደጋግመዋል። እኔ ዘፈን አልወድም፤ ግን ክራሩ ሲገባ እርምጃዬ ይዘገይ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የምሠራበት ላብራቶሪ ከሰንጋ ተራ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ የነበረ ሁለት ክፍል ነው። አለቃችን ዶክተር ግርማ የከብት ሐኪም ናቸው፤ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ኖራ የነካው የሚመስል፣ ሰው ሲያናግሩ ጣሪያ ጣሪያ የሚያዩ ሰው። ሥራቸውን የሚያስረዱበትን ቋንቋ እስካሁን አልረሳሁትም። «ዘይነብ፣ ይህ ተህዋስ ጨዋ ተከራይ ነው» ይሉኝ ነበር። «ላሟ ትበላለች፣ ትጠግባለች፣ ትታለባለች። እሱ ደግሞ ጡቷ ውስጥ ቤት ይዞ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ባለቤቷ ጤነኛ ናት ትላለች። አላቢው ከእሷ ተነሥቶ ወደ ቀጣይዋ ላም ሲሄድ ግን በእጁና በመጥረጊያው ጨርቅ አብሮት ይሻገራል።» ጥናታቸው ይህንኑ ድብቅ ተከራይ በልደታና በአካባቢው ጓሮዎች እየፈለጉ ማግኘት ነበር። የተያዘችውን ላም ለይተን ለባለቤቷ እንነግራለን፤ ወይ ትሸጣለች፣ ወይ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ በመጨረሻ ትታለባለች። መድኃኒቱ በዚህ ተህዋስ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ የበግ ሙክት ነበረን። በየጊዜው ከአንገቱ ትንሽ ደም እንቀዳለታለን፤ ደሙ በጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ ከሚረጋው የተህዋሱ ምግብ ጋር ይቀላቀላል። ወተቱን እዚያ ላይ እንቀባና ሙቀት ሣጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። ተህዋሱ ካለ በማግስቱ እንደ ወርቅ ፍርፋሪ ይበቅላል፤ ዙሪያውን ደሙን በልቶ እንደ መስኮት ያጠራዋል። እኔ ደም ነገር ስለሆነ ያስጨንቀኝ ነበር፤ የነካኝ እንደሆነ ሶላቴ ይበላሻል ብዬ ሁለት ቀሚስ ነበረኝ፣ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የስግደት። ዶክተሩ «የዘይነብ ቁም ሣጥን» ብለው አንድ ምስማር መቱልኝ። ለእናቴ ስጽፍላት «የወተት ሥራ ነው» አልኳት። ስለ በጉ ደም አልነገርኳትም።

የሥራው ሕግ ጥብቅ ነው። ብልቃጦቹ በእንፋሎት ተቀቅለው፣ ታሽገው ከእኛ ዘንድ ይወጣሉ። ጡቱ ሥር እስኪደርሱ ክዳናቸው አይከፈትም፤ ከእጄም አይለዩም። አብሯቸው የሚሄደው ወረቀት ላይ «ናሙናውን የወሰደው» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ እፈርማለሁ። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ እመካ ነበር። ዶክተሩም «ዘይነብ ካመጣችው አላጣራም» ይሉ ነበር።

እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አራት ላም የነበራቸው ሴት ናቸው። የጉራጌ አገር ሰው፤ ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን ሽጠው በላም ቤታቸውን ያቆሙ። ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ምላሳቸውን ደግሞ ላላ አድርገው የሚውሉ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ብልቃጤን ሲያዩ «ዶክተርሽ ወተት በዚህች ነው እንዴ የሚጠጣው? ይቺ እኮ ለድመትም አትበቃ» አሉኝ። ከላሞቻቸው ትልቋ እሜቴ ትባላለች። ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ እውነትም እመቤት ነበረች። ሌሎቹ ላሞች እሷ ሳትበላ አይበሉም፣ እሷ ሳትወጣ አይወጡም። ከግራ የኋላ ጡቷ ውስጥ ለውዝ የምታህል ጥጥር ያለች ነገር ነበረች። እትዬ አስካለ በቅቤ እያሹ «የድሮ የጥጃ ጡጫ ነው» ይሉ ነበር።

የሚያልቡላቸው ጋሽ ሽኩር ነበሩ። የስልጤ ሰው፤ ትንሽዬ፣ ጺማቸው ሳሳ ያለ፣ በቀን ስድስት ቤት እየዞሩ የሚያልቡ ሽማግሌ። ሲያልቡ መንዙማ ቢጤ በጥርሳቸው መሐል ያንጎራጉራሉ፤ ላሞቹ እሱን ሲሰሙ ወተታቸውን ያወርዳሉ። በየቤቱ መጀመሪያ የሚያልቡት ትልቋን ላም ነው። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እናንተ አገር ሽማግሌ ሳይቀርብለት ልጅ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ላምስ ሰው አይደለችም እንዴ?» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ከማዶ ሆነው «ሽኩር፣ ሰውስ ላም መስሎሃል፤ ትናንት የተራበ እንግዳ አምጥተህ ድርቆሽ ልታበላብኝ ነበር» አሏቸው። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ።

ረመዳን ገባ። ያን ዓመት ክረምት ላይ ነበር፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሱብሒን ሰግጄ በዚያ ጨለማና ዝናብ ስወርድ እትዬ አስካለ አዩኝና አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ጦመኛ ነሽ። ነገ በዚህ ጨለማ እንዳትመጪብኝ። ብልቃጦችሽን ተይልኝ። ሽኩርም ነገ መርካቶ ነው፤ እኔው ራሴ አልቤ አስቀምጥልሻለሁ፣ ሲነጋ ትወስጃለሽ።» ሕጉን አስታወስኩ። ግን እሳቸውን እንቢ ማለት ንጽሕናዎን አላምንም እንደ ማለት መሰለኝ። ደግሞም፣ ላልዋሽ፣ እንቅልፍ አማረኝ። አራቱን ብልቃጥ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ስደርስ ብልቃጦቹ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላቸው፣ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። «እንደ ራሴ ልጅ አድርጌ ነው የያዝኳቸው» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ «ናሙናውን የወሰደው» በሚለው መስመር ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩም።

ላብራቶሪ ገብቼ የመጀመሪያውን ክዳን ስከፍት ሽታው ወጣ። ወተቱ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የገባ ወተት ሽታ ነበረው፤ ወይራ። እኛ ቤት ቅሉ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። እናቴ የወይራ ስንጣሪ ለኩሳ፣ እሳቱን እፍ ብላ አጥፍታ፣ የቅሉን አፍ ጭሱ ላይ ትደፋዋለች። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ያን ሽታ አላገኘሁትም ነበር፤ የተከራየሁባቸው ሴትዮ ወተት በፕላስቲክ ጆግ ነበር የሚገዙት። ብልቃጧን አፍንጫዬ ሥር ይዤ ቆምኩ። ሽታ ጦም አይፈታም። እንባዬ መጣ። ሐይቁ፣ ግቢያችን፣ የእናቴ እጅ፣ ሁሉም እዚያች ድመት የማታጠግብ ብልቃጥ ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም አሸተትኩ። «ይህ ሽታ እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ መጠየቅ የነበረባት የላብራቶሪ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ያን ጊዜ እዚያ አልነበረችም፤ አገሯ ሄዳለች። ወተቱን ቀባሁ፤ ሳህኖቹን ሙቀት ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ።

በማግስቱ አራቱም ሳህኖች ባዶ ነበሩ። አንድ ነጥብ አልበቀለባቸውም። የእሜቴም ጭምር። ዶክተር ግርማ ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ አንሥተው አይተው፣ «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። «እኚህን ሴትዮ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጌ ነው የማቀርባቸው።» ጥጥሯም የድሮ ቁስል ናት ተባለ። እሜቴ እንደ ወትሮው በክብሯ፣ ከሁሉ በፊት መታለቧን ቀጠለች።

ዒድ አልፎ ትንሽ ቆይቶ ነው ነገሩ የመጣው። መጀመሪያ ቡሌ የምትባለዋ ላም ወተቷ እንደ አይብ ተንጓለለ። ከዚያ ዳሚቱ። ከዚያ በቅርብ የወለደችው ጊደር አንድ ጡቷ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ደም የቀላቀለ ውሃ ሰጠ። እትዬ አስካለ ልጅ እንደታመመባት እናት ነበር የሚንከራተቱት። ዶክተሩ ራሳቸው መጡ፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ላሞቹን ዳበሱ፣ ወረቀቱን አገላበጡ፣ ጣሪያውን አዩ።

«ላሞቹ ንጹሕ ነበሩ። ወረቀቱ ይመሰክራል» አሉ። «ስለዚህ ከውጭ የገባ ነው። ስድስት ቤት የሚያልብ ሰው ነው ያመጣው።»

«ሽኩር?» አሉ እትዬ አስካለ። «ሽኩር እኮ በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው ነው ዶክተር። እኔ እንኳ እንደሱ አልታጠብም።»

«በሽታው በዓይን አይታይም፣ እትዬ። ለጊዜው ባይገቡ ይሻላል።»

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። የያዙት ወረቀት ያላቸውን ነው ያሉት። ነገር ግን «ለጊዜው ባይገቡ» የተባለው ቃል ከእትዬ አስካለ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩን አዳረሰው፤ «በሽታ የሚያዞር አላቢ» ሆኖ። ሦስት ቤት በማግስቱ በር ዘጋባቸው። ጋሽ ሽኩር የሚያውቁት ሥራ ያ ብቻ ነበር።

እኔ ያን ሰሞን ራሴን እንዴት እንዳባበልኩት አልረሳውም። ፊርማው የእኔ ነው፣ ያለብኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን እሳቸው አለቡት እኔ አለብኩት፣ ወተቱ ያው ወተት ነው፤ ውጤቱ አይለወጥም፤ እልና እሰግዳለሁ። ሶላቴ ግን አፌ ላይ ይቀር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ላሞቹን ልጠይቅ እትዬ አስካለ ዘንድ ገባሁ። ጓሮ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ያን ቀን ከአራቱ ጋር ሳላውቅ የተውኩላቸው አንዲት ትርፍ ብልቃጥ ኖራለች፤ እሷን በሁለት ጣታቸው ይዘው አፏን በሚጨስ የወይራ ስንጣሪ ላይ ደፍተዋታል።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ለዶክተርሽ ወተት ልልክለት ነው። እኔ ብቻ ያለብኩትን፤ የሽኩር እጅ ያልነካውን። ይመርምረውና ሽኩር ንጹሕ መሆኑን ይወቅ።»

«ብልቃጧን ግን ለምን ያጥኗታል?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ። «በባዶ ዕቃ ወተት ሰው ቤት ይላካል እንዴ? ያን ቀንስ አጥኜ አይደል የሰጠሁሽ? አንቺ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ ትያለሽ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወይራ የሚታጠነው እኮ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ወተት እንዳይበላሽ ነው። እንዳይበላሽ ማለት ምን ማለት ነው? የሚያበላሸውን መግደል ነው። ጭሱ በዚያች ጠባብ ብልቃጥ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ የእሜቴን ተከራይ አዳከመው፤ ሳህኔ ባዶ ሆነ። ማንም ሌላ ሰው ክዳኑን ቢከፍት «ይህ ምን ይሸታል?» ብሎ ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ናፍቆቴን አሸተትኩበት።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ኮታቸውን ሳያወልቁ ነገርኳቸው። ቁጭ አላልኩም። እሳቸውም ቁጭ በይ አላሉኝም።

«ፊርማሽ ነው ይሄ?»

«ፊርማዬ ነው።»

«ወተቱን የወሰድሽው ግን አንቺ አይደለሽም።»

«አይደለሁም። ብልቃጦቹን ከአንድ ቀን በፊት ሰጥቻቸው ሄድኩ።»

«ሌላስ የት የት ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«የትም። የእሳቸው ብቻ ነው ዶክተር።»

«አሁን ይህን እንዴት ልመንሽ?» አሉኝ። አልጮኹም። ጣሪያውንም አላዩም፤ ፊቴን ነው ያዩት። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ ያን ጥያቄ አያህልም። ያባርሩኛል ብዬ ሻንጣዬን በልቤ አሰናድቼ ነበር፤ ወሎ እንዴት እንደምገባ፣ ለእናቴ ምን እንደምላት። አላባረሩኝም። እስከዚያ የሰበሰብኩትን ናሙና በሙሉ ሰረዙትና እንደ አዲስ፣ ቤት በቤት፣ ላም በላም እንድጀምር አዘዙኝ። ስወጣ ብቻ ከኋላዬ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ጭስ… ይህ ራሱ መጠናት አለበት እኮ» ሲሉ ሰማኋቸው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ እሜቴ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ክዳኑን ራሴ ከፈትኩ፣ ራሴ አለብኩ፣ ራሴ ዘጋሁ። ሳህኗ ላይ ወርቁ ጢም ብሎ በቀለ፤ ከዚያች ለውዝ የምታህል ጥጥር። ሌሎቹ ላሞች ከእሷ ነበር የተያዙት፤ ከሁሉ በፊት ታልባ፣ ጨርቁና እጁ ከእሷ ተነሥቶ ወደ እነሱ ይሄድ ስለነበር። የጋሽ ሽኩርንም እጅ በጥጥ ጠርገን መረመርነው፤ ምንም አልበቀለበትም። ዶክተሩ «ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዛሬ የታጠበ እጅ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይዋሹም።

እትዬ አስካለ እሜቴን ሸጧት። ሥጋ ነጋዴው ገመዷን ሲይዝ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ስትወጣ ሌሎቹ ላሞች ተከትለዋት ሊወጡ በሩ ላይ ተጋፉ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። «ጦመኛ ነሽ ብዬ ያስቀረሁሽ እኔ፣ ያጠንኩት እኔ። ሰው ማክበር ጥፋት ከሆነ እንግዲህ ሁለታችንም አጥፍተናል» አሉኝ። ያ ንግግር ቀለል ሊያደርግልኝ ይገባ ነበር። እሳቸው ግን የፈረሙት ነገር የለም።

የቀሩት ጋሽ ሽኩር ነበሩ። አብነት አካባቢ የሚኖሩባት አንዲት ክፍል በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ በሥራ ሰዓት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሲያዩት እንዴት ያስታውቃል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብልቃጡን፣ ጭሱን፣ ፊርማውን፤ ሽታው ደስ ስላለኝ ሳላስብ ማለፌን። መጨረሻ ድረስ ሰሙኝ።

«እና እሜቴ መጨረሻ ላይ ብትታለብ ኖሮ፣ ሌሎቹ ይተርፉ ነበር?»

«አዎ ጋሽ ሽኩር።»

«አሃ» አሉ። «ክብሯ ነው የጎዳን።» ጺማቸውን ዳበሱ። «አብሽሪ ልጄ። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይቅር ይበልሽ። አንድ ነገር ግን አለ። አንቺ አሁን የነገርሽው ለአንድ ለእኔ ነው። የእኔን ነገር የሰሙት በየደጁ ነው።»

ገባኝ። ዶክተሩ ደብዳቤ ልጻፍላቸው ብለውኝ ነበር፤ ደብዳቤው ግን በር አያንኳኳም። በማግስቱ ጠዋት፣ ገዢዎቹ ጣሳቸውን ይዘው በተሰለፉበት ሰዓት፣ ሁለታችን ወጣን። እኔ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋ ነበር። የመጀመሪያው ደጅ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ናሙናውን ሳልወስድ ወሰድኩ ብዬ ፈረምኩ፤ እሳቸው በሽታ አላመጡም» ስል አንዲት ሴት «ጎሽ፣ የእኛ ምሁራን» አለች፤ ሌላዋ ሳቀች። ባለቤቲቱ ግን ወዲያው በሩን ወለል አድርገው «ሽኩር፣ ላሚቱ ሦስት ቀን ሙሉ እግሯን እያነሣች እምቢ ብላኛለች፣ ግባ እባክህ» አሏቸው። ሁለተኛው ደጅ ላይ ብዙ ጠየቁኝ፤ ዶክተሩ የት ይገኛሉ፣ ሥራሽን ለቀሻል ወይ፣ እያሉ። በመጨረሻ አስገቧቸው። ያን ዕለት ጋሽ ሽኩር ትልቋን ላም አልፈው፣ ከትንሿ ጀመሩ። ትልቋ አንገቷን አዙራ አየቻቸው። «ታገሺ፣ ዘመን ተለወጠ» አሏት።

ሦስተኛው ደጅ ብረት በር ነበረው። ሴትዮዋ ግማሹን ብቻ ከፍተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። «ተናገርሽ፣ ሰማን። አላህም እግዚአብሔርም ያክብርሽ። እኛ ግን ሌላ ሰው ይዘናል» አሉና ዘጉት። ሌላ ቀን ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ፤ ዶክተሩንም ይዤ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ነው ያንኳኳሁት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሽኩር እስኪያረጁ ድረስ አምስት ቤት አለቡ፤ እኔም ለጥናቱ ጎሕ ሲቀድ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው እዞር ነበር። ከላይኛው ቤት ወደ እትዬ አስካለ ስንወርድ ያ ብረት በር በስተቀኝ ነው። እዚያ ስንደርስ መንዙማቸውን ያቋርጣሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ ከበሩ አልፈው እስኪርቁ እርምጃቸው ይፈጥናል። ያንን ካየሁ ጀምሮ ዝናብም ይሁን ጭቃ፣ እኔ በስተቀኝ ነበር የምሄደው፤ በእሳቸውና በበሩ መካከል።